አጎትየውን ከጓይላው ማውጣት

ሓድነት ሰፈር ውስጥ ከልብስ ሰፊ ሱቅ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። አንድ ጠዋት፣ ልጃቸውን በቅርቡ የዳሩ እናት መጡ። ቪዲዮውን ከወሰዱ ሳምንት አልሞላቸውም። አስተካክዪልኝ ያሉኝ ግን ቀለሙን ወይም ዘፈኑን አልነበረም። ወንድማቸው፣ የሙሽራዋ አጎት፣ በመልሱ ዕለት በር ሥር አስቀመጡኝ ብለው ተቆጥተው ሳይመርቁ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አይነጋገሩም።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ወንድሜን ከቪዲዮው አውጪልኝ» አሉኝ። «ጭራሽ እንዳልመጣ አድርጊው።»

ቀላል ነው አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቼ ግን አላውቅም ነበር።

ማስክ የሚባል ነገር አለ። በሰውየው ዙሪያ ነጥብ በነጥብ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ ውስጥ ያለው ይጠፋና ባዶ የድንኳን ጨርቅ ይተካበታል። ሰውየው ሲንቀሳቀስ ነጥቦቹም አብረውት መሄድ አለባቸው። አጎትየው ቁጭ ብለው የሚበሉ እንግዳ ቢሆኑ በግማሽ ቀን በጨረስኩ። እርሳቸው ግን ጨፋሪ ናቸው። የጓይላው ጭፈራ ክብ ሠርቶ ሲዞር ከከበሮ መቺው ኋላ ይገባሉ፣ በሙሽራዋ ቬሎ ፊት ይወጣሉ፣ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ እኔ ነጥቦቼን እየጎተትኩ እከተላለሁ። አንዴ ሰውየው ጠፍተው ነጠላቸው ብቻውን ሲጨፍር ቀረ። ሌላ ጊዜ የመስመሩን ጠርዝ አብዝቼ ሳደበዝዘው የአንዱ ሚዜ ጆሮ አብሮ ሄደ። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ያላስቀመጥኩት ሥራ ይሄድና አጎትየው ከነሙሉ ክብራቸው ይመለሳሉ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጓይላው ውስጥ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ብቻ ቀረ፤ ጨፋሪዎቹ ለማንም ሳይሆን በአክብሮት ቦታ እየለቀቁ ይዞራሉ። ኮራሁበት።

እናትየው ቪዲዮውን ሊወስዱ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም። ሽማግሌ ገብቶ ታርቀው፣ ወንድማቸው ከኋላቸው ቆመዋል። እኔም ሳላስበው እንደ ሥጋ ዘመድ የሰውየውን ጉንጭ ስሜ ናፍቆቴን ገለጽኩ። ግራ ገባቸው። ተገናኝተን አናውቅም፤ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ቀድሞ እንደሚነሳ ግን ከእህታቸው ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

እናትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እንድመልሳቸው ለመኑኝ። ማስኮቹን ሰብስቤ አጠፋኋቸው፤ ደቂቃ አልፈጀም። ሰውየው ከነነጠላቸው ክቡ ውስጥ ተገኙ። እናትየው እጄን ይዘው፣ እጅሽ ይባረክ፣ ትልቅ ሙያ ነው አሉኝ። የአሥራ አንዱን ቀን ልፋት ያየልኝ አልነበረም።

አጎትየው ራሳቸው ሲጨፍሩ ተመለከቱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ።

«ጓለይ፣ ይሄ ከበሮ መቺ እየጋረደኝ ነው። እሱን ማውጣት አይቻልም?»

ቴክኖሎጂው ገና እዚያ አልደረሰም አልኳቸው። እናትየው ቀና ብለው አዩኝ።