ከኬላው በፊት የወረዱት ተሳፋሪ

የታሰርኩበት ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ዩሪያው ተነስቶ አልቋል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ እሱ ነው፤ ዱላው ኋላ ነው የመጣ። በሩን ከውጭ ቀርቅረውብኝ ሲሄዱ ጥጉ ላይ አንድ ሰው አቃሰተ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጠዋት የጫንኳቸው ሽማግሌ ናቸው።

እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ከጥሊሊ እንጅባራ እመላለሳለሁ። ሽማግሌው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የፈረሳቸውን ኮርቻ እንጅባራ ወስደው ሊያሳድሱ ተሸክመውት መንገድ ዳር እጅ አነሱ። መኪናው ሞልቷል። እንዴት ትቻቸው ልለፍ? በትርፍ ጫንኳቸው። በእኛ መስመር ትርፍ የሆነ ሰው ኬላው ሳይደርስ ይወርድና በእግሩ በማሳው ዞሮ ከኬላው ወዲያ ይጠብቀናል። እዚያ መልሰን እንጭነዋለን። ተሳፋሪውም ያውቃል፣ ትራፊኩም ያውቃል።

ያን ቀን ኬላው ላይ የቆሙት ግን የምናውቃቸው ትራፊኮች አልነበሩም። አገሩን የማያውቁ ታጣቂዎች ነበሩ። ኮርቻ የተሸከመ ሰው ኬላ ዞሮ ሲያልፍ አዩና ያዟቸው። ኮርቻውን በሳንጃ ዘረጠጡት፤ የወጣው ገለባ ነው። "ማን ነው ያወረደህ?" ሲሏቸው የእኔን መኪና አሳዩ። ምን ያድርጉ፣ እውነት ነው። ስልኬን ነጥቀው ሁለታችንንም ለየብቻ ወሰዱን።

ስልኬ ውስጥ ደግሞ የእህቴ ድምፅ አለ። እናታችን ዳንግላ ስትሞት እህቴ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ የስፔን ሰዎች በጉዲፈቻ ወሰዷት። ካደገች በኋላ አፈላልጋ አገኘችኝ። አማርኛው ጠፍቷታል፣ እኔም የእሷን ቋንቋ አላውቅ። ሾፌር መሆኔን ስትሰማ ሥራ የምትሄድበት አውቶቡስ ላይ ሆና የመኪና ቃል በድምፅ ትልክልኝ ጀመር። እኔም መናኸሪያ ወረፋ ስጠብቅ እየደጋገምኩ አጠናና የአማርኛውን እመልስላታለሁ። ፓራዳ፣ ፌርማታ። ሱቢር፣ መሳፈር። ባሃር፣ መውረድ። ሾፌሩ ሁሉ "ስፔን ልትነዳ ነው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ስልኬን ከፍቶ የሰማው መርማሪ ግን አልሳቀም።

"ፓራዳ ምንድን ነው?"

"ፌርማታ።"

"ባሃርስ?"

"መውረድ።"

"ሽማግሌውን የት ነው ያወረድከው?"

"ከኬላው በፊት።"

"ከዚያስ?"

"ከኬላው ወዲያ መልሼ ላሳፍራቸው ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝና እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። ምኑን ልዋሽ? ቃሉም ትክክል ነው፣ ያደረግኩትም እሱኑ ነው። ለእነሱ ግን ትእዛዝ ከውጭ አገር ይመጣል፣ እኔ እቀበላለሁ፣ ሰውየው ይወርዳል፣ ይሳፈራል። በቃ፣ ተገጣጠመላቸው። "ሽማግሌው መልእክተኛ ነው በል። ፊት ለፊቱ መስክርና ዛሬውኑ ወደ ቤትህ" አለኝ።

"እህቴ ናት። እሳቸውም ትርፍ ናቸው" አልኩ።

ወፌ ላላ ሲባል በትልልቅ ሰዎች ወሬ ነበር የማውቀው፤ ያለፈ ዘመን ነገር ይመስለኝ ነበር። እጄንና እግሬን አስረው፣ ጉልበቴ ሥር እንጨት አሳልፈው ሰቀሉኝ። ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉት። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ቆይቶ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው የሚሰማህ። ሽንቴ አመለጠኝ። አንዱ "ባሃር!" እያለ ይመታኛል፣ ሌላው ይስቃል። የእህቴን ቃል በእሱ አፍ ስሰማ ከግርፋቱ ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

እየጎተቱ መልሰው ሲጥሉኝ ሽማግሌው በደረታቸው ተስበው መጡ። የእሳቸው ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ዞሯል። የምንጠጣውን ውሃ በውስጥ እግሬ ላይ አፈሰሱልኝ።

"ምን በል አሉህ?"

"እርስዎን መልእክተኛ ናቸው በል አሉኝ።"

"ልጆች አሉህ?"

"ሁለት።"

"እንግዲያ በል። እኔ እንደሁ ኖሬያለሁ።"

"ኧረ ዝም ይበሉ!" አልኳቸው። አባቴን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ተናደድኩ፣ ፈራሁም፤ ያሉኝን ለመናገር ቅርብ ስለነበርኩ ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ጠሩኝ። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ሻይ አመጡልኝ። ተቀመጥኩ፤ መቆምም አልችል። ሽማግሌውን ሁለት ሰዎች በብብታቸው ይዘው አስገቧቸውና ፊቴ አቁመው ለቀቋቸው። በአንድ እግራቸው ቆመው ግድግዳውን ያዙ። ጋቢያቸው ደም ነክቶታል። እኔ ወንበር ላይ ነኝ።

"ተናገር" አለኝ መርማሪው።

መኪናዬ ውስጥ ሽማግሌ ቆሞ ስንቱን ጎረምሳ "ተነስ!" ብዬ ጮኼበታለሁ። አስቤ ያደረግኩት አይደለም። በዚያ ባበጠ እግሬ ብድግ አልኩ።

"አባቴ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ወደ መርማሪው ዞሬ "ትርፍ ናቸው። የጫንኳቸውም ያወረድኳቸውም እኔ ነኝ" አልኩት።

ሽማግሌው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አንዱ በሰደፍ ክርኔን ሲለኝ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ወደቅኩ፣ ጥርሴንም ረገጡኝ። ወንበሩን ከሥራቸው የነጠቀ ግን አልነበረም። ረስተውት ይሁን አፍረው አላውቅም።

መስካሪ ጠፋ። የአገሩ ሽማግሌዎች ለምነው እሳቸውን አስፈቷቸው። እኔንም ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት "ሂድ" አሉኝ፤ ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም። ክርኔ እስካሁን አይዘረጋም፤ ማርሽ ስቀይር ትከሻዬ አብሮ ይሄዳል። እሳቸው በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ፈረስ ላይ መውጣት ቀርቶባቸዋል። አንዳንድ ቀን ይሳፈራሉ። ስለዚያ ቤት አንስተን አናውቅም።

ለእህቴ ያን ሁሉ ወር ዝም ያልኩሽ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አልኳት፤ እውነትም ጠፍቶ ነበር። በኋላ ግን ክርኔን በቪዲዮ አይታ ስትጨቀጭቀኝ በተማርናት ሰባራ ቋንቋ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ቃል መላኳን ተወች። ባለፈው ሳምንት ጥሊሊ መውጫ ላይ መልእክት ገባልኝ፤ ሰው ጭኛለሁ፣ ቢሆንም ዳር ይዤ አቆምኩና ከፈትኩት። በዚያ እየተማረችው ባለው አማርኛ ነው ያወራችው፤ እያለቀሰች።

"የእኔ ቃል አንተን መታ" አለችኝ።

ተሳፋሪው "ኧረ ሾፌር፣ እንሂድ!" ይላል። ስልኩን አፌ አጠገብ አደረግኩ።

"አይደለም" አልኳት። "ሰው ነው የመታኝ። አንቺ ቃሉን ላኪ።"