የሮብ ገበያው ቅርንጫፍ እንዴት ተዘጋ

ለዘገባ ወደ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገብቼ በጫማ መሸጫው በኩል ሳልፍ፣ ከማሸጊያው ገና የወጣ የጎማ ሽታ ሰነፈጠኝና ማስታወሻ ደብተሬን እንደያዝሁ ቆምሁ። ደብረ ማርቆስ ያደግሁበት ቤት ሽታው ይኸው ነበር። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ ስለነበር፣ የምንበላው ምግብ ሳይቀር ጎማ ጎማ ይለን ነበር፤ እናቴ ይህን ስንላት አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

አባባ ሱቁን የከፈተው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጀን፣ ቁይና ሮብ ገበያ በሚባሉት ከተሞች ቅርንጫፍ ጨምሮ አራት አደረሳቸው። ጨርቁ፣ ጫማው፣ ድስቱ፣ ደብተሩ፣ ሻንጣው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጥ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሁለት ሰፈር ላይ የተከፈተ አንድ ሱቅ ውስጡ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማ አለ። ማርቆስ ያለ ዕቃ ሁሉ ሦስቱም ጋ፣ በእኩል ቁጥር፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

መስከረም ላይ ደብተር ለሁሉም እኩል ይላክ ነበር፤ ደጀን በሁለት ሳምንት ሲጨርስ ቁይ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲያራግፍበት ይከርም ነበር። ጥር ላይ፣ ሠርግ ሲበዛ፣ መብራት ላልገባበት ሮብ ገበያ የኤሌክትሪክ ካውያ ይሄድ ነበር። ሮብ ገበያን የምትይዘው የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ደብሬ ነበረች። ከባሏ ተፋትታ ባዶ እጇን ከመጣች በኋላ ያ ሱቅ መተዳደሪያዋ ነበር፤ ቤቷም ከኋላው ያለችው አንዲት ክፍል ነበረች። የጮቄ ተራራ ብርድ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ብርድ ልብስ እንዲልክላት መልእክት በሰደደች ቁጥር፣ አባባ ለደጀንም ያንኑ ያህል እስኪያገኝ አይልክላትም ነበር፤ ከዓባይ በረሃ በላብ ተነክረው የሚወጡ ሾፌሮችም ደጀን ላይ የብርድ ልብስ ክምር እያዩ ያልፉ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚፈልገውን ብትጠይቅ ምን አለበት?» ትለው ነበር እናቴ።

«አንዱን ከጠየቅሁ ሁሉም ሊያዘኝ ነው» ይላት ነበር፣ ቀና እንኳ ሳይል።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የሮብ ገበያ ሽያጭ እስከ መስከረም ካልተሻሻለ ሱቁን እንደሚዘጋው ተናገረ። እትዬ ደብሬ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ ለክረምቱ ቦት ጫማ እንዲልክላት ብቻ ለመነች። ጭቃው እስከ ጉልበት የሚደርስበት አገር ነው፤ ገበሬውን አንድ በአንድ ጠይቃ እንደሚገዛት አረጋግጣ ነበር። አባባ ያለወትሮው እሺ አላት፤ ለቁይም እኩል መላኩ አልቀረም፣ የደጀን ድርሻ ኋላ እንዲሄድ ሆኖ።

ጣጣው የጀመረው ሲጫን ነው። ከመኪና ላይ ዕቃ ይሰረቅ ስለነበር አባባ ሌባን የሚያሞኝ ዘዴ አሰበ፤ አንድ እግር ጫማ ማን ይሰርቃል? የሁሉንም ግራ በማዳበሪያ አስሮ ለሮብ ገበያ፣ የሁሉንም ቀኝ ለቁይ ላከ፤ በሳምንቱ ሁለቱ ቅርንጫፎች ግማሽ ግማሹን ሊለዋወጡ። እውነቱን ለመናገር አንድም አልተሰረቀም። በሳምንቱ ግን ሐምሌ ገባና የሮብ ገበያን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት መኪና መግባት አቆመ። እናቴ በበቅሎ ይላክ ብትለው «መንገዱ ነገ ይከፈታል» አላት። ነገ፣ ነገ ሲል ነሐሴ ተጋመሰ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ደብሬ፣ መንገድ ላይ አድራ፣ ማዳበሪያውን በአህያ ጭና፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ማርቆስ ደረሰች። ሱቁ በገበያተኛ ሞልቶ ነበር። ማዳበሪያውን መሀል ወለሉ ላይ ገለበጠችው፤ ሁሉም ግራ።

«በል ልካ!» አለችው። «መሪጌታ አንዱን ካጠለቁ በኋላ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ሌላኛው ለሰማይ ቤት ነው?› አሉኝ። አገር ሳቀብኝ!»

ገበያተኛውም ሳቀ። አባባ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረና «ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለም» አለ።

«አዝዬ ያሳደግሁህ ልጅ! ቀኙን ስጠኝ ነው የምልህ!»

«ቀኙ ቁይ ነው ያለው፣ እቴ። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ፣ የተማርሽ አይደለሽ?»

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማዳበሪያው ሲታሰር አይቻለሁ፣ ሞኝነት መሆኑም ገብቶኛል፤ ግን ዝም አልሁ።

ቀኞቹ ሮብ ገበያ የደረሱት መስከረም ላይ፣ ጭቃው ደርቆ አቧራ መሆን ሲጀምር ነው። የገዛ የለም። አባባ እንዳለው ሱቁን ዘጋው። እትዬ ደብሬ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ የኔ የምትለው በር ኖሯት አያውቅም። በኋላ ቁይም ደጀንም በየተራ ተዘጉ፣ የማርቆሱም እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አበቃለት።

አሁን አባባም እትዬ ደብሬም አርጅተዋል። ዘመድ ሲመጣ አባባ የአራቱን ሱቆች ታሪክ ይተርካል፤ የከፈተበትን ወር፣ የሠራተኛውን ስም፣ የመደርደሪያውን ቁመት አይስትም። ሮብ ገበያ ላይ ሲደርስ ግን «እዚያ ሕዝቡ ቦት ጫማ አይወድም ነበር» ብሎ ያልፋል። ያኔ በገበያተኛ ፊት የጮኸችው እትዬ ደብሬ አሁን ድምጿን እንኳ ከፍ አታደርግም፤ ምስሯን እየለቀመች «በአንድ እግር አይወድም ነበር» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። ያኔ ዝም ያልሁት እኔም አሁን «አባባ፣ እሷ እንዳለችው ነው» እለዋለሁ። ሃያ ዓመት የዘገየ እርማት ነው። አባባ አይከራከርም፣ አይቀበልምም፤ ጉሮሮውን ይጠርግና ወደ ቁይ ቅርንጫፍ ታሪክ ይሻገራል።