ለአዴ ጫልቱ የመጡትን ደብዳቤዎች ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴን ኢሜይል ምን እንደሆነ ከማስረዳቸው ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነው የተውኩት። አያችሁ? ለንስሐ እንኳን ሰነፍ ነኝ።

ቡራዩ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የጠየቀኝ ካለ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ከአዴ ጫልቱ ጋር ያገናኘችኝ የሚስቴ አክስት ናት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሰበታ ግቢያቸው ውስጥ ዘመናዊ የንብ ቀፎ ማምረቻ ከፍተው፣ ማርቆስ ከሚባል ከወላይታ ከመጣ አናጢ ጋር ይሠሩ ነበር። ቀፎው በሰፈሩ ታውቋል። እሳቸው ግን ራቅ ካለ ቦታ ገዢ ፈልገው፣ "እኔንም ኢንተርኔት ላይ አውጣኝ" አሉኝ። ድረ ገጹን ሠራሁ። የቀረው ሆስቲንግ መምረጥ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኩባንያ መምረጥ፣ እና ገዢ የሚጽፍበት ኢሜይል መክፈት ነበር።

"የቱ ይሻላል?" አሉኝ።

የቱ እንደሚሻል አውቅ ነበር። ግን የአገር ውስጡ ኩባንያ ንግድ ፈቃድ ይዞ ቢሮ ድረስ መሄድ ይጠይቃል፤ ማን ይመላለሳል? የውጭው የሚከፈለው በውጭ ባንክ ካርድ ነው፤ ካርድ ያለው ዘመድ ማን ይለምናል? ሦስተኛው ነጻ ነበር። ገጹ ላይ የማያውቁትን ሰው ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ የራሱ ኢሜይል የለውም፤ ግን በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

"ይሄ ነጻ ነው፤ ይበቃዎታል" አልኳቸው።

"ነጻውን መች አልኩህ ልጄ? ሰው ሲፈልገኝ የማያጣኝን ነው ያልኩህ።"

"ከዚህ ሌላ አያስፈልግዎትም።"

ዋሸሁ። የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ኢሜይሉንስ? ስልካቸው ላይ ለመክፈት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ቴሌግራም ላይ የአምስት ደቂቃ ድምፅ የሚልኩ ሴት ኢሜይል ያቅታቸዋል? እኔ ግን ፓስወርድ ጠፋኝ እያሉ በየቀኑ ሊያደርቁኝ ነው ብዬ፣ ከድረ ገጹ የሚላከው ሁሉ ወደ አንድ የቆየ የራሴ አድራሻ እንዲገባ አደረግኩት። "መልእክት ሲመጣ እኔ እደውልልዎታለሁ" አልኳቸው። መረቁኝ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ሰኞ በመጣ ቁጥር። "አካም ጅርታ ልጄ? የጻፈ ሰው አለ?"

መጀመሪያ ሰሞን ከፍቼ አይ ነበር። ያ አድራሻ ደግሞ የዓለም ማስታወቂያ ሁሉ የሚራገፍበት ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ይበላል፣ ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ይደውላሉ። መረረኝ። ሳልከፍት "የለም አዴ" ማለት ጀመርኩ። "ገበያ በአንዴ አይመጣም፤ ትዕግሥት ይኑርዎት" ብዬም መከርኳቸው። እኔ! መካሪው! ስንት ሰኞ ሳላይ "የለም" እንዳልኩ አላውቀውም።

አንድ ቀን ለራሴ ጉዳይ ያንን አድራሻ ከፈትኩት። ለእሳቸው የተጻፈ አራት ደብዳቤ ተቀምጧል። ሁለቱ ዋጋ የሚጠይቁ ናቸው። ሦስተኛው ጫንጮ አካባቢ ካለ የንብ አርቢዎች ማኅበር ነው። "ቀፎዎን አንድ አባላችን ቤት አየነው። ክዳኑ ዝናብ አያስገባም፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ አላጋጠመንም። ለአባሎቻችን በሙሉ እንዲሠሩልን እንፈልጋለን" ይላል። አራተኛውም ከእነሱ ነው። "መልስ ስላጣን ሌላ ሠሪ ይዘናል።"

ያኔ መደወል እችል ነበር። "አዴ፣ በድያለሁ፤ ጫንጮ አብረን ሄደን እንለምናቸው" ማለት እችል ነበር። ያደረግኩት ግን ምንድን ነው? አራቱንም ደብዳቤ አጠፋሁ። ከዚያ መጣያው ውስጥ ገብቼ ከዚያም አጠፋኋቸው፤ ማንም እንዳያገኛቸው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ስንፍና ልበለው። ይሄንንስ ምን ልበለው? እጄ እያወቀ ነው ያጠፋው። በሚቀጥለው ሰኞ ሲደውሉ "የለም" አልኩ፤ አሁን በእርግጥም የለም።

የሰፈሩ ገዢ ብቻውን ስላላዋጣቸው ክረምቱ ሳይወጣ ማምረቻውን ዘጉ። ማርቆስ ሚስቱንና ልጆቹን ከወላይታ ሊያመጣ ቤት ተከራይቶ ነበር። ለቀቀው።

ባለፈው ሳምንት ሰበታ ታክሲ ተራ ከአዴ ጫልቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልሸሽ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ማርቆስ ፋብሪካ ገባ፤ ዕቃ ይጭናል። ተመስገን ነው" አሉኝ። "አንተም ለፍተህልኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ቀፎዬ ደህና ቢሆን ኖሮ እንዴት አንድ ሰው እንኳን አይጽፍም? አላውቅበትም ነበር ማለት ነው።"

እኔም ምን አልኩ? "አይ አዴ፣ ገበያው ነው።" አሁንም! እጄን እንደያዙኝ፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ሆኖ፣ አሁንም! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በኔትወርኩም፣ በካርዱም፣ በነጻው ሆስቲንግም አላሳብብም፤ ሁሉንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራቸውን ማፍረሴ አንድ ነገር ነው። በገዛ እጃቸው ሥራ እንዲያፍሩ ማድረጌን ግን ተሸክሜ መኖር አልቻልኩም። ያንን ደብዳቤ ስላጠፋሁት ቃሉ የቀረው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ እኔ ካልተናገርኩ የለም ማለት ነው።

ቅዳሜ ሰበታ እሄዳለሁ። ይርገሙኝ፣ ከግቢ ያስወጡኝ፤ መብታቸው ነው። ይቅርታ መጠየቁም ይቆይ። መጀመሪያ የምነግራቸው ሌላ ነው። አዴ፣ ጽፈው ነበር። ክዳኑ ዝናብ አያስገባም ብለው ነበር።