የይማም ባልጩት

ጨው ነጋዴው ይማም ከወሎ መጥቶ መቀሌ ከከተመ ዘመናት አልፈዋል፤ አንድ ቦታ ረግቶ ሲቀመጥ ያየው ሰው ግን የለም። ደንበኛ አሞሌውን እያገላበጠ ዋጋ ሲጠይቀው የእሱ ዓይን እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ካለ ጨውን ለጎረቤት አደራ ብሎ እብስ ይላል፤ ዝናብ ያጠበው ቦረቦር ውስጥ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲለቅም ይውላል። ሰፈሩ ይስቅበታል። እኔም ስቄበታለሁ።

የሚለቅመው የጥንት ሰዎች ከባልጩት ፈልጠው የሠሩትን የፍላጻ ጫፍ ነበር። በዚህ የለከፈው የሸዋው መምህር የኔአለም ነው፤ እሱም ያው አመል አለበት። ሁለቱም ጠርዙ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ የተፈለጠውን ከተራ ስባሪ ይለያሉ። ዕድሜው ላይ ግን ይቸገራሉ። ደጅ የወደቀ ድንጋይ ከየት ተንከባሎ እንደመጣ አይታወቅም፤ ዘመኑን የሚናገረው ከነተቀበረበት አፈር የተገኘው ነው። ይማም እንዲህ ያለውን ያገኘው አንዱን ብቻ ነበር። ከቦረቦሩ ግድግዳ፣ ከአመድ ንጣፍ ሥር በእጁ ያወጣው፣ ነጭ የኖራ ቅርፊት የያዘ። መምህሩ በ1938 ክረምት አዲስ አበባ ሲሄድ ለዐዋቂዎች ሊያሳይለት ቃል ገባ።

ከዚያ ወዲያ ይማም ጭራሽ ዕረፍት አጣ። ስንት ዘመኑ ይሆን እያለ ሚስቱን ሳሊሃን ነዘነዛት። እጁ ሥራ መፍታት አልሆንለት ሲል ደግሞ ያንኑ እያየ አምሳያውን ለመሥራት ተነሣ። የባልጩት ጠርዝ በፍየል ቀንድ ጫፍ እየተጫነ ሲፈልጥ ስንቱን ሰባበረ፤ በመጨረሻ አንዱ ቁርጥ ያንን መሰለ። ልዩነታቸው ቅርፊቱ ብቻ ስለነበር ጎን ለጎን መስኮት ላይ አስቀመጣቸው።

የኢድ ዋዜማ ሳሊሃ የናስ ትሪዋን በሎሚና በአሸዋ አሸች። መምህሩ በማግስቱ ድንጋዩን ሊወስድ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ባሏ እንዳያፍር ብላ ሁለቱንም አብራ አሸቻቸው። ሎሚው ኖራውን በላው።

ይማም ቅርፊቱን በሁለቱም ላይ አጣው። ወደ ብርሃን አወጣቸው፣ በመዳፉ መዘናቸው፣ በጥፍሩ ፋቃቸው። ሲነጋም ገና እያገላበጣቸው ነበር።

መምህሩ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ገብቶ ተቀመጠና ቦርሳውን ከፈተ።

«የትኛው ነው?» አለው።

ይማም አንዱን አንሥቶ እጁን ዘረጋ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? መምህሩ ሊቀበለው ሲል መልሶ ሰበሰበው።

«አንዱ የኔ ሥራ ነው፣ መምህር። የትኛው እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

የኔአለም ሁለቱንም ተቀብሎ ደጋግሞ አያቸው። እንዲህ ከሆነ አንዱንም ልወስድ አልችልም አለና እያዘነ ቦርሳውን ዘጋ።

ሳሊሃ ሻይ ይዛ ስትገባ ድንጋዮቹን እዚያው አየቻቸው። ፊቷ ተለወጠ።

«ቆሻሻ ቀርቶባቸው ነው?» አለች።

ይማም ቀና ብሎ አያት።

«የለም፣ ሳሊሃ» አላት፤ «በደንብ ጸድተዋል።»