አክስቴ ዘሀራ ከመሃል ስትጀምር

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ያረጀ ልቦለድ ገዛሁ። ገለጥ ሳደርገው የአቧራና የእርጥበት ሽታው ኮምቦልቻ ወስዶ አክስቴ ዘሀራ አልጋ ሥር ጣለኝ፤ መጽሐፎቿን እዚያ ነበር የምታስቀምጠው። ልቦለዱ ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ አእምሮ ሕመም ይተርካል፤ ጊዜውን እያዘበራረቀ ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል። ጓደኞቼ ራስ ያዞራል ብለው ተዉት። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ አክስቴ እንዲህ ስታወራ እየሰማሁ ነዋ ያደግሁት።

ዘሀራ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሁላችንም አያቴ ቤት ነበር የምንኖረው። ደህና ስትሆን ልብስ ትሰፋለች፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደግሞ የስፌት መኪናዋን አቁማ ለሰፈሩ ልጆች ልቦለድ ታነብልናለች። ሁልጊዜ ከመሃል ነው የምትጀምረው።

"መጀመሪያውንማ ማንም ያነበዋል" ትላለች።

ሲያማት እንቅልፍ የሚባል የለም፤ ከሞተችው እናቷ ጋር ስትጨዋወት ትውላለች። ያኔ እንግዳ ከመጣ ጓዳ ይቆለፍባታል። በሽታው በዘራቸው አለ እንዳይባል ነው።

የትንሿ አክስቴ የመርየም ሽማግሎች ከቢስቲማ የመጡ ቀን ዘሀራን አሟት ነበር። አያቴ ቁልፉን ሲያነሱ መርየም የጓዳው በር ላይ ቆመች።

"ወላሂ አባ፣ እሷን ከቆለፉባት እኔ አልዳርም!"

መርየም ሽማግሎቹን የላከውን ልጅ እንደምትወደው ሁላችንም እናውቃለን። ሰርጉ ቀረ ብለን ፈራን። ዘሀራ ግን አዲስ ሻሿን አስራ ወጣችና ሽማግሎቹ መሃል ቁጭ አለች።

"ከዚያማ በቅሎዋ ደንብራ ሙሽራውን ጭቃ ውስጥ ጣለችው!"

የማን ሙሽራ፣ የቷ በቅሎ፣ የሚያውቅ የለም። አያቴን ላብ አጠመቃቸው። ዋናው ሽማግሌ ሼህ ይማም ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ከዚያስ?" አሏት። ቀጠለች። ሼሁ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው ወደ አያቴ ዞሩ።

"እኛኮ የልጁን አጎት ቆልፈንበት ነው የመጣነው። ይኸን ብናውቅ ይዘነው እንመጣ ነበር።"

አያቴ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ እሳቸውም ሳቁ። እዚያው ዱአ ተደረገ። በሰርጉ ቀን አጎትየውና ዘሀራ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ዋሉ።

ዘሀራ ካረፈች ቆየች። አምና እኔም እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ከበደኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እንግዳ ባለበት፣ "አእምሮዬን አሞኛል" አልኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። እናቴ "አብሽሪ ልጄ፣ ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን" አለች። እንግዳው ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።