የበረንዳዬ ሞተር ብስክሌት

ወረርሽኙ ከቤት ባዋለን ወራት፣ ዐረብ ኤምሬትስ፣ አጅማን ከተማ በሚገኘው መኖሪያዬ በረንዳ ላይ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እጠግን ነበር። ካርቡሬተሩን አጥቤ፣ ካንዴላውን ለውጬ ባስነሣው፣ ጥቂት አጓርቶ ይጠፋል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እንደ ልማዱ ሲጠፋ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት ያለችው የአገሬ ልጅ ነበረች። ስለ ጩኸቱ ልትወቅሰኝ የተላከች መሰለኝና ወገቤን አቅንቼ፣

«በገዛ ቤቴ ማዳምሽ አዛዥ አይደለችም!» አልኋት።

«ኧረ አባባ፣ ማዳም አልላከችኝም» አለች፤ ዓይኗ አብጧል። «የእናቴን ሞት ዛሬ በስልክ አረዱኝ። ማዳም ደግሞ የልቅሶ ድምፅ እንዳልሰማ ብላኛለች። ሞተሩ ሲጮህ በረንዳ ወጥቼ ዋይ ማለት ጀምሬ ነበር፤ ጠፋብኝ። በእመብርሃን፣ መልሰው ያስነሡልኝና እናቴን ላልቅሳት።»