ውሃው ሲሸሽ የሚለካ መሬት

የካቲት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። የማሳ መመዝገቢያ ቅጽ ቁጥር 188 እስከ ዘጠነኛው ጥያቄ ተሞልቷል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ያለው ባዶ ነው። የማሳው ባለቤት ለለቅሶ ወደ ሌላ መንደር ሄዳ ነበር። ጎረቤቶቿ «እኛ እንንገርሽ፣ የእሷን የማናውቀው ነገር የለም» ቢሉም መዝጋቢዋ አባንግ አልተቀበለቻቸውም። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ቅዳሜ ተመልሼ ራሷን እጠይቃለሁ» ብላ ጻፈችና ቅጹን ከሌሎቹ ለይታ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ሲደርስ ግን አባንግን ራሷን ወባ ጥሏት ነበር። በተከታዩ ረቡዕ፣ የካቲት 25፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች።

አባንግ የጋምቤላ ከተማ ልጅ ናት። ባሮ ዳር ተወልዳ ባሮ ዳር አደገች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። አኙዋክኛ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ ኑዌርኛን ከጎረቤት፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከነርሶቹ ለቅማለች። ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲመጣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እንዳይሰጥ የአያት ስም፣ የመንደር ስም፣ አንዳንዴም ጠባሳ ያለበትን ቦታ ትጽፍ ነበር። ያላየችውን አትጽፍም። ይህ ልማዷ ብዙ ሰው አሰልችቷል። «አባንግ፣ አንቺ ጠይቀሽ እስክትጨርሺ ጤነኛው ሰው ይታመማል» ይሏት ነበር።

በ1989 ክረምት ከመሀል አገር አንድ የጥናት ቡድን መጣ። ክልሉ ገና በእግሩ እየቆመ፣ ቢሮዎቹም በተዋሱት ጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ነበር። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሊወጣ ስለታሰበ፣ የወንዙን ዳርቻ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ መሬቱም ሳይጎዳ ለልጅ ልጅ እንዴት እንደሚቆይ እንዲያጠኑ አራት መምህራን ተጠየቁ። አንዱ የአፈር ባለሙያ፣ አንዱ የሕግ፣ አንዱ የኢኮኖሚ ሰው ነው፤ አራተኛውና የቡድኑ መሪ፣ ዶክተር አሸብር፣ የማኅበረሰብ ጥናት መምህር ነበሩ። አባንግ ከክሊኒኩ ፈቃድ ወስዳ በአስተርጓሚነትና በመዝጋቢነት ገባች። የቡድኑ ሾፌር ሶሊ የሚባል፣ ቀልድ የማያልቅበት የደጋ ልጅ ነበር።

ዶክተር አሸብር በመጀመሪያው ቀን አንድ ደንብ አወጡ። «በዓይን ያልታየ፣ በእግር ያልተረገጠ ማሳ አይመዘገብም» አሉ። «ሰው ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ወይ ያበዛል፣ ወይ ይደብቃል።» አባንግ ደስ አላት። እንደ እሷ የሚያስብ ሰው በመጨረሻ መጣ ብላ አሰበች።

ወሩ ነሐሴ ነበር። መምህራን ለጥናት የሚወጡት ተማሪ ሲበተን ነው፤ ተማሪ የሚበተነው ደግሞ በክረምት ነው። በነሐሴ ባሮ እስከ አፉ ሞልቶ ዳርቻውን ሁሉ ውጦታል። ከከተማው በታች በኢታንግ አቅጣጫ ባሉ ሰባት መንደሮች ሁለት መቶ አባወራ ተጠየቀ። «ወንዝ ዳር ማሳ አላችሁ?» «አለን።» «አሳዩን።» ሰዎቹ እጃቸውን ወደ ውሃው ይዘረጋሉ። አባንግ ታያለች፤ የሚታየው እንጨት እየጎተተ የሚሄድ ቡናማ ውሃ ነው። ደንቡ ደንብ ነውና ዜሮ ትጽፋለች። በዳርቻው ማሳ ገና ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ዘርታበታለች። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም አላየችውም፤ ሁለት መቶ ጊዜ ዜሮ ጻፈች።

ኅዳር ላይ የሪፖርቱ ረቂቅ የመንደር ስሞችን እንድታርም ተላከላት። ሠንጠረዥ ሰባት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «የወንዝ ዳርቻ፦ ለም፣ ባለይዞታ የሌለው፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ» ይላል። የአፈሩ ሰው ለም መሆኑን መስክረዋል፤ የሕጉ ሰው ባለይዞታ አላገኙለትም፤ የኢኮኖሚው ሰው የምርት ቁጥር አላገኙለትም፤ ዶክተር አሸብርም የሚተዳደርበት ሥርዓት አላዩም። አራት ሙያ በአንድ ቃል ተስማምቷል፤ የተስማሙት በእሷ ዜሮ ላይ ነው። ባዶ ተብሎ በዕቅድ የገባ መሬት ሊሰጥ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ ሰባቱ መንደሮች ቢጮኹ የሚቀርብላቸው ወረቀት በእሷ እጅ የተጻፈው ነው።

ረቂቁን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቴሌ ሄደች። ድልድዩ ላይ ቆም ብላ ወደ ታች አየች። ውሃው ሸሽቷል፤ ሴቶች እርጥቡ ደለል ላይ ጎንበስ ብለው በቆሎ ይዘራሉ።

«ዶክተር፣ ሠንጠረዥ ሰባት ልክ አይደለም።»

«የስም ስህተት አለ?»

«የስም አይደለም። ዳርቻው ባዶ አይደለም። በቆሎ እየተዘራበት ነው፤ አሁን አይቼ ነው የመጣሁት።»

«አባንግ፣ ቅጹን የሞላሽው አንቺ ነሽ እኮ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ» አለች።

«እየሰማሁሽ ነው» አሉ ዶክተር አሸብር። «በቃል ልቀይረው አልችልም። ሌሎቹ ሦስቱም ማስረጃ ይጠይቁኛል። ጥር ሠላሳ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት የተለካ ማሳ አምጪ፤ ከእነዚያው ከሁለት መቶው።»

«መኪና አለ?»

«መኪናው እዚያው አለ፣ ሶሊም አለ። ነዳጅ የለም።»

ክሊኒኩን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቀች። በማግስቱ የመለኪያ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ወደ መጀመሪያው መንደር ወረደች፤ የዳርቻውን ድልድል ወደሚመሩት አዛውንት፣ ወደ ኦሞድ። ሽማግሌው መረብ ይጠግኑ ነበር። ቀና አላሉም።

«ገመዱን እዚያው ዛፉ ላይ ስቀይውና ነይ።»

«መለኪያ ነው አባቴ።»

«አውቀዋለሁ። ሰፋሪ ሊያመጡ በነበረ ጊዜ የመጡትም እንዲህ ያለ ይዘው ነበር። የለኩት ሁሉ ሄደ።»

«እኔ የምለካው እንዳይሄድ ነው።»

«እነሱም ክፉ ነገር ልናደርግ ነው የመጣነው አላሉም።»

አባንግ ገመዱን ዛፉ ላይ ሰቀለችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «በክረምት መጥቼ ነበር» አለች። «ማሳችሁን አሳዩኝ አልኩ፤ ውሃ አሳያችሁኝ። እኔም የላቸውም ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።»

ኦሞድ መረቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩአት። ቀስ በቀስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። «ኑ ስሙ!» ብለው ጎረቤቱን ጠሩ። «ይህች የባሮ ልጅ በነሐሴ በቆሎ ፈልጋ አጣች! ከዓሣው ጋር ልትቆጥረን ነበር!»

«ተምራለች እኮ፣ አትፍረዱባት» አለች አንዲት ሴት፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

አባንግ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ሳቁ ካለቀ እንሥራ» አለች። «ወረቀቱ በጥር መጨረሻ ይዘጋል።»

በዚያ ቀን የሰማችውን ደብተሯ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋዋለች። ውሃው በየዓመቱ ድንበሩን ሁሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ ማንም የአምናውን ድንበር ይዞ አይከራከርም። ውሃው ሲሸሽ መንደሩ ሁሉ ከሽማግሌው ጋር ወደ ዳርቻው ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት ዘር የሚጥል የለም። እያንዳንዱ ቤት ከደጁ ትይዩ ያለውን ቁራሽ ይይዛል። ባሏ የሞተባት ቀድማ ትመርጣለች። ውሃ የቆረሰበት ሰው ከጎረቤቱ ይካፈላል። ጠብ ካለ እዚያው ቆመው ይጨርሱታል እንጂ ወደ ቤት ይዘውት አይገቡም። ዶክተር አሸብር በሁለት መቶ ቅጽ ፈልገው ያጡት አስተዳደር በየዓመቱ በኅዳር ጭቃ ላይ ይከናወን ነበር።

ኦሞድ እሺ ያሉት በሁለት ነገር ነው። ገመድ መሬቱን አይነካም፤ በእግሯ ትለካለች። የጻፈችውንም ገጹን ከማዞሯ በፊት ባለቤቱና ግራ ቀኙ በተሰበሰቡበት ጮክ ብላ ታነባለች።

አባንግ ወደ ከተማ ተመልሳ በገመዱ እግሯን ለካች። ደረቅ መንገድ ላይ መቶ እርምጃዋ ሰባ አንድ ሜትር ሆነ። ጭቃ ላይ ደግማ ለካችው፤ ስድሳ አራት። ሁለቱንም ቁጥር በየቅጹ ራስጌ ጻፈች፤ ማሳው ደረቅ ይሁን እርጥብ ደግሞ በጎኑ። አንዱ ቅጽ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ሆነ፤ ስታነብ አንዱ «ልክ ነው» ሲል ሌላው «ቆይ፣ ያቺ ጉድጓድ የእኔ ናት» ይላልና። የኑዌር ቤተሰቦች ባሉበት መንደር በኑዌርኛ ታነባለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ጫማዋ ላይ ያለው ደለል አይለቅም፤ የመዝሙር ጓደኞቿ «ከእነማሳሽ መጣሽ?» ይሏታል።

ሶሊ የመጀመሪያውን ሳምንት በቆመው መኪና ጥላ ሥር ተኝቶ አሳለፈ። በሁለተኛው ሳምንት የጽሑፍ ሰሌዳዋን ተሸክሞ አብሯት ወረደ።

«እኔ ሾፌር ነኝ» እያለ ያማርራል። «በእግሬ ስሄድ የታየሁ እንደሆነ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«ዝም ብለህ ቁጠር። ስንት አልክ?»

«አርባ ሁለት። ወይም አርባ ሦስት። አንዷን ዘልዬ ነው መሰለኝ።»

«ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

«በእግዚአብሔር! አርባ ሦስት በይውና እንሂድ።»

ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ጥር 29 ላይ ቅጾቹ 187 ነበሩ። ሶሊ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቁልሉን በአውራ ጣቱ አገላበጠው። «አሥራ ሦስት ብቻ ነው የቀረው፤ እኔና አንቺ እዚሁ ቁጭ ብለን ብንሞላው ማን ያውቃል? ማሳዎቹ እንደሆኑ ሁሉም ይመሳሰላሉ።» የተናገረው በቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ለእሷ አዝኖ ነበር። ከስታለች፤ ማታ ማታም ትንቀጠቀጣለች።

«ዜሮውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ ሶሊ» አለችው። «ሁለተኛ አልደግመውም።»

ወደ ቴሌ ሄደው ደወለች።

«አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ነው ዶክተር።»

«ሁለት መቶ ነበር ያልኩሽ።»

«የረገጥኩት ይህን ያህል ነው። አሥራ ሦስቱ ይቀሩኛል፤ ስጨርስ እልክልዎታለሁ። የረገጥኩትን ግን ይቀበሉኝ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ» አሉ ዶክተር አሸብር፣ «ሁለት መቶ ሞልቶ ይልክልኝ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እፈርም ነበር። የእያንዳንዱን ማሳ ልክና ያን የሽማግሌውን ድልድል አንብቢልኝ፤ እጽፋለሁ።» አንድ ሰዓት ተኩል አነበበችላቸው። የቴሌው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጣት መጥቶ ሁለቴም ሶሊ በወሬ ይዞ መለሰው።

ሠንጠረዡ ተቀየረ። የካቲት 19 ማታ፣ በትኩሳት ብዙ ቀን ሳትወርድ ቆይታ ከጀመረችው ከቅጽ 188 ስትመለስ፣ የዶክተር አሸብር ደብዳቤ ቤቷ ደርሶ አገኘችው። የተሻሻለው ሪፖርት ለክልሉ ተልኳል፤ ሦስቱም መምህራን ፈርመውበታል። ነገር ግን ዕቅዱ ሰኞ ጠዋት ለስብሰባ ስለሚቀርብ ዋናዎቹ ቅጾች ከዚያ በፊት መዝገብ ቤት ገብተው የገቢ ቁጥር ካላገኙ የማሳዎቹ ልክ የሰፈረበት አባሪ እንደ ወሬ ይቆጠራል፤ የድሮው ሠንጠረዥ ይጸናል። ሶሊ የመመለሻ ነዳጅ ተልኮለት መኪናውን ይዞ ወደ መሀል አገር ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

ሰኞ የካቲት 23 በጸደቀው ዕቅድ ላይ ዳርቻው «በየዓመቱ በመንደሩ ሥርዓት የሚደለደል ማሳ» ተብሎ ገብቷል። በዚያ ሰዓት አባንግ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ ከስብሰባው ማንም መጥቶ ነግሯት እንደሆነ አይታወቅም።

በእርግጥ የሚታወቀው የዓርቡ ነው። የካቲት 20፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅጾቹን በፕላስቲክ ጠቅልላ በካርቶን ተሸክማ በእግሯ መዝገብ ቤት ደረሰች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጸጋአብ ቀና ብሎ አያት።

«ሰኞ ነይ አባንግ። የዛሬውን ልዘጋ ነው።»

«ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ነው።»

«ዓይንሽ ቀልቷል፤ አሞሻል።»

«ትኩሳት ነው፣ ያልፋል። ቁጥር ስጠኝ።»

«መቶ ሰማንያ ሰባት ቅጽ እስክቆጥር ይመሻል እኮ።»

«እኔም እቆጥራለሁ። አንተ ከላይ ጀምር፣ እኔ ከታች።»

ወንበር ሰጣት፤ ውሃ አቀረበላት። ቆጠሩ። እሱ ዘጠና አራት፣ እሷ ዘጠና ሦስት አገኙ። ጸጋአብ መዝገቡን ገልጦ የገቢ ቁጥር 643 ብሎ መዘገበ፤ ቀኑን ጻፈ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። እሷም ቅጾቹን ያስገባችበትን ደብዳቤ ግልባጭ አውጥታ ያንኑ ቁጥር እዚያ ላይ እንዲጽፍላት ጠየቀች። ጻፈላት፤ ፈረመበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የጠጣችበትን ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋ አደረገችና «እሺ ጸጋአብ፣ ደኅና ዋል» ብላ ወጣች።